ስንዝር የማትሞላ ቱቦ

ወዳጆቼ፣ በተለይ እናንተ፣ ሰማያዊ ቱታችሁን ለብሳችሁ "ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" ትሉኝ የነበራችሁ ልጆቼ። ይህን የምጽፈው ከእናንተ ለአንዱ ቃል ስለገባሁ ነው። ቃሉ ባይዘኝ ኖሮ ዝም ብዬ ባልፈው ይሻለኝ ነበር፤ ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን አይደለም። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እዚህ ቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዳ የቆየ ወዳጅ አለኝ። ልጁ 23 ዓመቱ ነው። ልጁ የ2004 ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ አለችው። "አለችው" ስል ዝም ብላ የቆመች መኪና እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ምግብ እያደረሰ ያጠራቀመውን ብር በሙሉ የበላች መኪና ናት። ፋብሪካው የሰጣትን ትንሽ ቱርቦ አውጥቶ ተለቅ ያለ ገጠመላት። ኢንጀክተሮቹን ቀየረ፣ ማርሚታውን አሰፋ። አባቱ "ይሄን ሁሉ ገንዘብ ለጩኸት!" እያለ ሲያማርር እኔ ነበርኩ የማበርደው። የማበርደው ለልጁ ብቻ ብዬ አይደለም፣ እኔም ወድጃት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ኮሮላ እና ሚኒባስ ስጠግን ኖሬ እንዲህ ያለች መኪና እጄ ስትገባ ምን ልበላችሁ፣ ልቤ ደስ አለው።

ባለፈው ሰኔ ልጁ መጣና "ጋሼ፣ የነዳጅ ፓምፑን አንተ ግጠምልኝ፣ ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈልግም" አለኝ። ፓምፑ በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ዋልብሮ ነው፤ ሱባሩ የሚነካኩ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ሲዘጋ ገጠምኩለት። ገንዘብ አልተቀበልኩትም። ያቺን ቅዳሜ አስታውሷት፣ እንመለስባታለን።

መኪና ለማታውቁ ወዳጆቼ ትንሽ ላብራራ፣ የምታውቁ እለፉት። ቱርቦ ማለት አየር ወደ ሞተሩ በኃይል የሚያጭቅ ነገር ነው። አየር ሲጨምር ነዳጅም በዚያው ልክ መጨመር አለበት። ችግሩ ኢንጀክተሩ ነዳጁን የሚረጨው እዚያው አየር የታጨቀበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። በር ከውስጥ የሚገፋ ሰው ካለ፣ ከውጭ ያለው ያንኑ ያህል ጨምሮ ካልገፋ አይገባም አይደል? ስለዚህ የነዳጁ ግፊት ከቱርቦው ግፊት ጋር እኩል እየጨመረ እንዲሄድ የሚያደርግ ሬጉሌተር አለ። በዚህች መኪና የሬጉሌተሩ የቫኪዩም ቱቦ ሲነቀል ግፊቱ 43 ፒ ኤስ አይ አካባቢ ነው። ሚኒሞ ላይ፣ ቱቦው ተሰክቶ፣ ቫኪዩሙ ስለሚስበው ወደ 34 ይወርዳል። ቱርቦው 17 ሲገፋ ደግሞ 60 መድረስ አለበት። 43 ሲደመር 17፣ ሒሳቡ በቃ ይኸው ነው። ያንን 60 መያዝ ካልተቻለ ቅልቅሉ ይደርቃል። ነዳጅ ያነሰው ቅልቅል በዚያ ግፊት ሲቃጠል ሙቀቱ ይንራል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ከዚያ ፒስቶን ይሰነጠቃል ወይም ይቀልጣል። ይህ ደግሞ ወራት አይፈልግም፣ ሰከንዶች ይበቁታል።

ጥቅምት ላይ ልጁ ደወለ። "ጋሼ፣ 395 ላይ ስገባ ነዳጅ ስሰጣት አነቃት፣ ከኋላዬ ትልቅ ካሚዮን ነበረ።" ድምፁ ጥሩ አልነበረም። መኪናዋ ላይ የአየርና የነዳጅ ምጣኔ የሚያሳይ ጌጅ አለ። ነዳጅ ሲረግጥ 11 አካባቢ መቆየት ያለበት ቁጥር ወደ 13 ሲወጣ አይቷል። እዚህ ላይ ደረቅ ማለት ይህ ነው።

እኔ ምን አልኩ? ስልኩን ሳልዘጋ "ፓምፑ ነው" አልኩት።

ልጆቼ፣ እናንተ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለአርባ ተማሪ አንድ የግፊት መለኪያ ብቻ ነበረን፣ ያውም መስታወቱ የተሰነጠቀ። እሱን በወረፋ እያዞርኩ "ቁጥር ሳትጽፉ ቁልፍ አትንኩ" እያልኩ ያንገሸገሽኳችሁ ሰው ነኝ። "ፓምፑ ሞቷል" ብሎ ቁጥር ያልጻፈን ተማሪ ዜሮ እሰጥ ነበር። አንዷ አልቅሳ እንደነበር አልረሳም፣ እሷም የምትረሳው አይመስለኝም። ያ ሰው ነው እንግዲህ በስልክ፣ በሰማው ወሬ ብቻ፣ በፓምፕ ላይ የሞት ፍርድ የፈረደው። ኢንተርኔት ላይ ፎርጅድ ፓምፕ እንደሚሸጥ አውቃለሁ፣ እውነትም ነው። ያን እውነት ይዤ መለኪያውን ከግድግዳው ማውረድ ተውኩ። ከቆምኩበት ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው።

ሁለተኛ ፓምፕ ተገዛ። በዚህ ጊዜ የከፈለው አባትየው ነው፣ ከ100 ዶላር በላይ። ታክሲ ለሚነዳ ሰው የስንት ሰዓት ሥራ እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የኋላ ወንበሩን አንስቼ፣ ሰልባትዮውን ከፍቼ፣ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ከተትኩ። ከፓምፑ ወደ ላይኛው ክዳን የምትሄደውን አጭር ጎማ ቱቦ "ይቺ ሰኔ ላይ የገባች አዲስ ናት" ብዬ መልሼ ገጠምኳት። ፋሸታዋን አጠበቅኩ። ትንሽ ለስለስ እንዳለችኝ አስታውሳለሁ። ቤንዚን ውስጥ የቆየ ነገር ይለሰልሳል ብዬ አለፍኩት።

አንድ ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ ተመለሰ።

አሁን ደግሞ ሁለት ፓምፕ ተበላሽቷል ማለት ስላልቻልኩ ሌላ ጥፋተኛ ፈለግሁ። እሱም ተገኘ፤ ኮምፒውተሯን ቲዩን ያደረገው ልጅ። እነዚህ ሱባሩዎች ፓምፑን ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል አያሠሩትም። ተቆጣጣሪ ሳጥን አላቸው፤ እንደ ፍላጎቱ በ33፣ በ66 ወይም በ100 በመቶ ያሠራዋል። "ያ ልጅ ሙሉ ኃይል የሚሰጥበትን ቦታ አላስተካከለም፣ ፓምፑ ተርቦ ነው" አልኩ። ሐሳቡ ራሱ ስንፍና የለበትም፣ እንዲህ ያለ ነገር ይከሰታል። ግን አሁንም አልለካሁም። ልጁ ሄዶ ሰውየውን ተናገረው። ሰውየው ከመኪናዋ የተቀዳውን መዝገብ አውጥቶ ፓምፑ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር 100 እንደሚደርስ አሳየው። ልጁ ይህን ሲነግረኝ "እሱማ ራሱን ሊከላከል ነው" አልኩ። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ተጣሉ። ልጁ መኪናዋን ወደዚያ ሰው ላይመልሳት፣ ሰውየውም ስልኩን ላያነሳለት።

መለኪያውን ያወረድኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሚኒሞ ላይ 34። የሬጉሌተሩን ቫኪዩም ስነቅል 43። ከመጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ "ግፊቱ ደህና ነው" ብሎ መኪናውን ያስረክባል። ሚኒሞ ላይ ያለ ሞተር ግን የሚጠጣው በጣም ጥቂት ነው። ፓምፑ ከሚሰጠው ውስጥ አብዛኛው በመመለሻው መስመር ተመልሶ ሰልባትዮ ውስጥ ይገባል። ግማሹ መንገድ ላይ ቢፈስ እንኳ ሬጉሌተሩ መመለሻውን ጠበብ አድርጎ ቁጥሩን ይጠብቀዋል። ቤት ቁጭ ብሎ የሰውን ጉልበት እንደመለካት ነው።

ስለዚህ በሸክም ላይ መለካት ነበረብን። ጌጁን ረጅም ቱቦ ላይ አስረን ከኮፈኑ ጠርዝ በታች አውጥተን የፊት መስታወቱ ላይ ከውጭ በኩል በቴፕ ለጠፍነው። ከውጭ! ቤንዚን ያለበትን ቱቦ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ያስገባ ሰው ካለ እኔን አያውቀኝም። እሁድ ማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ልጁ ይነዳል እኔ አያለሁ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስለሆንን ከፍጥነት ገደቡ አላለፍንም፣ አባትየው እንዳይቆጣ ነው የምናገረው። 50፣ 55፣ 58... ጥሩ ነው። 4500 ዙር ካለፈ በኋላ ቁጥሩ መውጣቱን ትቶ መውረድ ጀመረ። 54፣ 51፣ 48። "ልቀቅ! ልቀቅ!" አልኩት። በሕይወቴ ተማሪ ላይ እንዲያ ጮኬ አላውቅም።

60 መሆን ያለበት ቦታ 48። አሁን ቢያንስ ቁጥር አለኝ።

ቴስተር አወጣሁና ኤሌክትሪኩን አየሁ። ባትሪው ላይ 14.1፣ ፓምፑ ጫፍ ላይ ደግሞ ሲሠራ 12.4። 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ፓምፕ ቮልት ሲያንሰው ዙሩ ይቀንሳል፣ ዙሩ ሲቀንስ የሚገፋው ይቀንሳል፣ በተለይ ግፊቱ ከፍ ሲል። የ20 ዓመት ቀጭን ሽቦ ነው፣ የበፊቱን ትንሽ ፓምፕ ታስቦ የተዘረጋ። ከባትሪው ወፍራም ሽቦ በፊውዝ እና በሪሌይ አድርጌ ቀጥታ ሰጠሁት፣ ማሳውንም አዲስ አደረግሁ። አሁን 13.8። ያ ተቆጣጣሪ ሳጥንም ከመንገዱ ወጣ። እንደገና ሄድን። 52።

አራት ጨመረ። ልጁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ "ይኸው ተገኘ" ተባለ። ግን 52 ደግሞ 60 አይደለም። ይህን ስል ትንሽ አፈርኩ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል 52ን 60 ለማድረግ ሰበብ ስፈልግ ነበር። ጌጁ አሮጌ ነው፣ ምናምን። ፊልትሮ ቀየርኩ። ለውጥ የለም።

የዚያን ዕለት ማታ ለአንዱ ተማሪዬ ጻፍኩለት። ሻርጃ ነው ያለው። አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ መስኮት አጠገብ የሚቀመጠው ዝምተኛ። እዚያ አሸዋ ላይ የሚሮጡ ፓትሮሎች ላይ ይሠራል፤ ሞተራቸውን ቱርቦ ገጥመውለት ከተሠራበት ጉልበት ብዙ እጥፍ የሚያወጡበት። ቁጥሮቼን ሁሉ ላክሁለት። የኔን "ፓምፑ ነው" ግን አልላክሁለትም።

መልሱ በድምፅ መጣ። "ቲቸር ሰላም ነዎት? ከመመለሻው መስመር በ15 ሰከንድ ስንት ይወጣል?"

በሰዓት 255 ሊትር ማለት በደቂቃ 4 ሊትር ከሩብ ነው፣ በ15 ሰከንድ አንድ ሊትር ትንሽ አልፎ። ይህን ሒሳብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ የመመለሻውን ጎማ ነቅዬ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገቤ አድርጌ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ፓምፑን ብቻ አሠርቼ በጣሳ ለካሁ። ሦስት ሩብ ሊትር አልሞላም። ቀጥሎ መመለሻውን ለአንድ አፍታ ብቻ ጭምቅ አድርጌ ጌጁን አየሁ። ጤነኛ ፓምፕ መውጫ ሲያጣ መርፌው ተወርውሮ ነው የሚወጣው። ይሄኛው ግን ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ ቀስ እያለ ሄደ። ፓምፑ አዲስ፣ ቮልቱ ሙሉ፣ ከመኪናው ሥር አንድ ጠብታ የለም፣ ሽታ የለም። ነዳጁ የት ገባ?

ይህን ጽፌ ላክሁለት። ትንሽ ቆይቶ፣ በጣም በትሕትና፣ እንዲህ አለኝ፦ "ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰልባትዮው ውስጥ ያለችውን ቱቦ ማን ገጠማት? ምን ዓይነት ናት?"

ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። ያቺ የሰኔ ቅዳሜ፣ ፋብሪካው የገጠማት ቱቦ ደርቃ ስትሰነጠቅብኝ ከመደርደሪያው ጥቅል ላይ ቆርጬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ላይዋ ላይ ኤስ ኤ ኢ 30 አር 9 ይላል። የኢንጀክሽን ቱቦ ናት፣ ግፊቱን በደንብ ትችላለች፣ ርካሽ ዕቃም አይደለችም። ግን አር 9 የተሠራችው ነዳጅ በውስጧ እንዲያልፍ ነው እንጂ ራሷ ነዳጅ ውስጥ እንድትጠልቅ አይደለም። የውስጥ ሽፋኗ ቤንዚን ይችላል፣ የውጭ ልብሷ አይችልም። ተቆርጣ በገባች ጊዜ ደግሞ ጫፏ ላይ መካከለኛው ንብርብር ራቁቱን ይቀራል። ሰልባትዮ ውስጥ የሚገባው 30 አር 10 የሚባለው ነው፣ ከውስጥም ከውጭም ነዳጅ እንዲችል የተሠራ። ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፣ መደርደሪያዬ ላይም አልነበረም። ቅዳሜ ነበር፣ ልጁ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሱቅ እስክሄድ ይዘጋል። ልዩነቱን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። የሆነ ቦታ አንብቤዋለሁ። ያን ዕለት ትዝ አላለኝም፣ ወይም ትዝ እንዲለኝ አልፈለግሁም፤ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ ለራሴም መልስ የለኝም።

ሰልባትዮውን ለሦስተኛ ጊዜ ከፈትሁ። ቱቦዋ አብጣ እንደ በሰበሰ ሙዝ ሆናለች። ፋሸታው ሥር ጥፍሬን የምታስገባ ስንጥቅ አለ። ፓምፑ የሚገፋው ነዳጅ ከዚያ እየተረጨ መልሶ እዚያው ሰልባትዮ ውስጥ ይፈሳል፣ ለዚያ ነው ጠብታም ሽታም ያልነበረው። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሞተሩ አብዝቶ በሚጠማበት ሰዓት ነው እሷ አብዝታ የምትሰርቀው። ሁለተኛውን ፓምፕ ስገጥም ፋሸታውን ስላጠበቅሁት ለሳምንት ያህል ታፍና ቆየች፣ እኔ ደግሞ "አየህ፣ ፓምፑ ነበር" አልኩ። የመጀመሪያውን ፓምፕ ጠረጴዛ ላይ ሞከርኩት። ምንም አልሆነም፣ ጤነኛ ነው።

ርዝመቷን በእጄ ለካሁ። ስንዝር አትሞላም።

አር 10 አዝዤ ገጠምን። እሁድ ማለዳ ያው መንገድ፣ ያው ማርሽ። 60፣ እስከ መጨረሻው 60፣ ምጣኔው 11። ልጁ መሪውን እየደበደበ ይጮሃል። እኔ አልጮህኩም፣ ምክንያቱም ያቺ መኪና ከጥቅምት ጀምሮ ስንት ጊዜ ደርቃ እንደተረገጠች እያሰብኩ ነበር። ማታውኑ ካንዴላዎቹን አውጥቼ የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን ለካሁ። 142፣ 140፣ 141። አራተኛው 128። እነዚህን ሞተሮች የምታውቁ አራተኛውን ስትሰሙ ምን እንደሚሰማችሁ ይገባኛል፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እሱ ነው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ አላለፈም፣ በወረቀት ደረጃ ያልፋል። ግን በፊት ስንት እንደነበረ አላውቅም። ለምን? ሰኔ ላይ ስላልለካሁ።

አባትየው ቤት ሄድኩ። የሁለተኛውን ፓምፕ ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ነገሩን ከነቱቦዋ አስረዳሁት። "አንተ ሰውዬ፣ ቡናህን ጠጣ" ብሎ ፖስታውን መለሰልኝ። እኔም መልሼ ሰጠሁት። ስንገፋፋ ሚስቱ ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ተገላገልን። ልጁ ግን ዝም አለ። በኋላ ወደ መኪናዬ ሲሸኘኝ "ጋሼ፣ ያንን ሰውዬ ግን ሰድቤዋለሁ" አለኝ።

እሱ ነው የከበደኝ። ቲዩን ያደረገው ልጅ ጋ ራሴ ሄድኩ። በልጅነት ዕድሜ ያለ ሰው ነው፣ ሐበሻ አይደለም፣ አያውቀኝም። ቱቦዋን አሳየሁትና ያንተ ሥራ ትክክል ነበር፣ ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ቱቦዋን አገላብጦ አየና አር 9 የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ እየነካ ራሱን ነቀነቀ። "ብዙ ሰው ነው የሚሳሳታት" አለ። ደግ ሰው ነው። ለልጁም ስልኩን አነሳለት።

ለሻርጃው ተማሪዬ ፎቶውን ስልክለት መጀመሪያ የሳቅ ምስል ላከ፣ ወዲያው ደንግጦ አጠፋው። "ቲቸር፣ ይህን ለሌሎቹም ይጻፉላቸው፣ እዚህም ሁለት ፓትሮል ላይ አይቼዋለሁ" አለኝ። ቃል የገባሁት ለእሱ ነው። ያቺ ዜሮ የሰጠኋት ልጅም ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ቱቦዋ አሁን ጋራዡ ውስጥ ከመለኪያው አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች። ትናንት ልጁ ደውሎ "ጋሼ፣ አራተኛውን መቼ ነው ደግመን የምንለካው?" አለኝ። ለቅዳሜ ቀጠርኩት።